የኮቡርግ ጋሻና ጥቁሩ ሰማዕት

የሮን ወንዝ ከአልፕስ ተራሮች ወርዶ ጄኔቫ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት በሁለት ገደሎች መካከል የሚጨነቅበት አንድ ቦታ አለ። ሮማውያን አጋውኑም ይሉት ነበር። ከጣሊያን ተነሥቶ በዚህ በኩል ተራራውን የተሻገረ ጦር በዚህ ጠባብ በር ሳያልፍ ወደ ጋል ምድር መዝለቅ አይሆንለትም። በ286 ገደማ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ንጉሠ ነገሥቱ ማክሲሚያን ዐመፅ ሊያጠፋ ሲዘምት እዚያ ሰፈረ። ከሠራዊቱ ውስጥ ከላይኛው ግብፅ፣ ከቴብ አውራጃ የመጣ አንድ ሌጌዎን ነበረበት ይባላል። ወታደሮቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ አለቃቸውም ሞሪስ።

የሆነውን የጻፈልን የሊዮኑ ጳጳስ ኤውኬሪዮስ ነው፤ እሱም ቢሆን ነገሩ ተፈጸመ ከተባለ ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ ነው ብዕሩን ያነሣው። እንደ እሱ አተራረክ ንጉሠ ነገሥቱ ሌጌዎኑ ክርስቲያኖችን እያደነ እንዲያመጣ አዘዘ። ወታደሮቹ እምቢ አሉ። ከየዐሥሩ አንዱ በሰይፍ ተቀላ። የተረፉት አሁንም እምቢ አሉ፤ እንደገና ከየዐሥሩ አንዱ ተቀላ። ሞሪስና ጓዶቹ እጃቸው ላይ መሣሪያ እያለ አንድም ሰው ሳይከላከል ሁሉም አለቁ፤ ቁጥራቸውም 6,600 ነበር ይላል ጳጳሱ። የታሪክ ሊቃውንት ቁጥሩን አይቀበሉትም፤ ታሪኩን ከነጭራሹ የሚጠራጠሩም አሉ። ከተሞች ግን ጋሻቸው ላይ ሲሥሉ ማስረጃ አይጠይቁም።

በ515 የቡርጉንዲው ንጉሥ ሲጊስሙንድ በሰማዕታቱ መቃብር ላይ ገዳም አቆመ። ገዳሙ ዛሬም አለ፤ ከተማውም በቅዱሱ ስም ይጠራል። ኤውኬሪዮስ ስለ ሞሪስ መልክ ያለው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሰባት መቶ ዓመታትም የአውሮፓ ሠዓሊዎች ቅዱሱን ራሳቸውን አስመስለው፣ ነጭ አድርገው ነው የሣሉት።

ሞሪስን ከገዳም ቅዱስነት አንሥቶ የመንግሥት ጠባቂ ያደረገው የጀርመኑ ኦቶ ቀዳማዊ ነው። በ937 ኤልበ ወንዝ ዳር፣ ከስላቮች ጋር በሚዋሰንበት ድንበር፣ በማግደቡርግ ገዳም አቁሞ በሞሪስ ስም ሰየመው። በ961 የቅዱሱ ዐፅም ነው የተባለው ወደዚያው ተወሰደ። በ968 ማግደቡርግ የሊቀ ጳጳስ መንበር ሆነች፤ ኦቶም ሲሞት እዚያው ተቀበረ። ነገሥታቱ በዘውድ በዓል ከሚይዟቸው ንዋያት አንዱ የሆነው ቅዱስ ጦርም የሞሪስ ነበር እየተባለ ይነገር ጀመር። ትእዛዝ አልቀበልም ብሎ የሞተ ወታደር የዘማች ነገሥታት ደጋፊ መሆኑ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ግን ከታሪኩ ውስጥ ያዩት እምቢታውን ሳይሆን ጀግንነቱን ነበር።

በ1207 የማግደቡርግ ካቴድራል ተቃጠለ። ከሁለት ዓመት በኋላ አዲሱ ተጀመረ። በዚህ ሥራ መካከል፣ በ1240ዎቹ ገደማ፣ ስሙ ያልታወቀ አንድ ቀራፂ በአውሮፓ ሥነ ጥበብ ያልታየ ነገር ሠራ። ከድንጋይ የተቀረፀው ሞሪስ ጥቁር አፍሪካዊ ሆኖ ወጣ። ሐውልቱን ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ራሱን እስከ አገጩ የሸፈነው የብረት ጥሩር ፊቱን ብቻ ክፍት ትቶታል። አፍንጫው ሰፊ፣ ከንፈሩ ሙሉ፣ ዐይኖቹ አንዳች ነገር አሻግረው የሚመለከቱ ናቸው። ቀራፂው በወሬ ሰምቶ የሠራው አይመስልም፤ እፊቱ ሰው አቁሞ እያየ የቀረፀው ነው የሚያሰኘው። እግሮቹ ተሰብረው ጠፍተዋል፤ ይዞት የነበረው ጦርም የለም። ፊቱ ግን እስከ ዛሬ አለ።

ለምን በዚያ ጊዜ? ተመራማሪዎች ወደ ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ዳግማዊ ያመለክታሉ። ፍሬድሪክ ሲሲሊ ያደገ፣ አፍሪካውያንን በቤተ መንግሥቱ ያኖረ፣ ግዛቱ የሰው ዘርን ሁሉ ያቀፈ መሆኑን ማሳየት የሚወድ ንጉሥ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ የቅዱሱ ስም በላቲን ከሰሜን አፍሪካ ጥቁር ሰዎች መጠሪያ ጋር ይቀራረባል፤ አገሩም ግብፅ ነው። ምክንያቱ ከእነዚህ የትኛውም ይሁን፣ ከማግደቡርግ በኋላ ጥቁሩ ሞሪስ በምሥራቅ ጀርመን ተስፋፋ። ከዚያም አልፎ የባልቲክ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። በሪጋና በታሊን ያላገቡ ነጋዴዎች የመሠረቱት ማኅበር ሞሪስን ጠባቂው አድርጎ፣ ጥቁር ራስን አርማው አድርጎ፣ ስሙንም «ጥቁር ራሶች» አለው። እነዚህ ሰዎች በሙያቸው ቅመምና ፀጉራም ቆዳ የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው እንጂ የአፍሪካ ጉዳይ አሳስቧቸው አያውቅም።

ኮቡርግ ከማግደቡርግ በስተደቡብ፣ በቱሪንጊያ ደኖች ማዶ ያለች ከተማ ናት። ስሟ በጽሑፍ የተገኘው በ1056 ነው። ከበላይዋ፣ ከኮረብታው ራስ ላይ፣ ሰፊ ምሽግ ተቀምጧል፤ ከሥር ደግሞ ገበያው፣ የከተማው ምክር ቤትና የሞሪስ ቤተ ክርስቲያን። እኛ ዘንድ ሰፈር በደብሩ ስም ጊዮርጊስ፣ ሚካኤል፣ ዑራኤል እየተባለ እንደሚጠራው ሁሉ፣ በዚያ ዘመን ለነበረ የኮቡርግ ሰው ከተማውና ደብሩ አይነጣጠሉም። በ1331 ኮቡርግ የከተማነት መብት አገኘች። በ1353 ደግሞ በጋብቻና በውርስ ኮቡርግን የያዘው የሄነበርግ ቤተሰብ ግዛት ለቬቲን ሥርወ መንግሥት ተላለፈ። የቬቲኖች ምልክት በወርቅማ መደብ ላይ የቆመ ጥቁር አንበሳ ነበር።

ከተማዋ ስለዚህ ሁለት ምልክት ነበራት ማለት ይቻላል፦ የገዥው አንበሳና የደብሩ ቅዱስ። የመካከለኛው ዘመን እየተገባደደ ሲሄድ የኮቡርግ የራሷ መለያ ሆኖ የጸናው ሁለተኛው ነው፤ በወርቅማ ጋሻ ላይ ወደ ጎን የዞረ ጥቁር ራስ። ሙሉ ሰው አይደለም፤ ጥሩሩም፣ ጦሩም፣ የቅዱስነት አክሊሉም የለም።

ይህ የሆነበት ምክንያት ከሃይማኖት ይልቅ ከአርማ ሙያ ጋር የተያያዘ ነው። የጋሻ አርማ የተፈጠረው በጦር ሜዳ ፊቱን በብረት የሸፈነን ሰው ከሩቅ ለመለየት ነው። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ወርቅና ብር እንደ ማዕድን፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ እንደ ቀለም ይቆጠራሉ፤ ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይደረብም። ዐይን እንዲለየው ጥቁር በወርቅ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚህ የበለጠ ጎልቶ የሚታይ ጥምረት የለም። ምስሉ ደግሞ በማኅተም ሰም ላይና በሳንቲም ላይ መግባት አለበት። የጣት ጥፍር በምታህል ሳንቲም ላይ ጥሩር የለበሰ ባለ ጦር ወታደር ማስገባት የፈለገ ቀራፂ ብዙ አይቆይም፤ አንገቱን ቆርጦ ራሱን ብቻ ያስቀራል። ቅዱሱ በሰይፍ የሞተ ሰማዕት ስለነበር ጋሻው ላይም ራሱ ብቻ መቅረቱ ማንንም አላስገረመም። ጥሩሩ ሲወልቅ ግን ማንነቱን የሚናገር ነገር አብሮ ወለቀ። የቀረው ፊት የማን እንደሆነ ማወቅ የሚችለው አስቀድሞ የነገሩት ሰው ብቻ ነው።

ሞሪስ በሥዕል ከሁሉ በላይ ያማረበት ዘመንና የወደቀበት ዘመን አንድ ነው። በ1520ዎቹ መጀመሪያ የማይንሱ ካርዲናል አልብሬኽት፣ ሃሌ ላይ ለሚገኘው ቤተ ክርስቲያኑ ሠዓሊውን ግሩነቫልድን አሠርቶ ነበር። ሥዕሉ ዛሬ ሙኒክ ነው፤ ጥቁሩ ሞሪስ በሚያብለጨልጭ የብር ጥሩር ቆሞ ከቅዱስ ኤራስሞስ ጋር ይነጋገራል፤ ኤራስሞስም የካርዲናሉን ፊት ይዟል። ይኸው ካርዲናል ነበር የኃጢአት ሥርየት ወረቀት በማስቸብቸብ ማርቲን ሉተርን ያስቆጣው። ሥዕሉ በተሠራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሉተር እንቅስቃሴ ቅዱሳንን ከየቤተ ክርስቲያኑ ማውጣት ጀመረ።

ኮቡርግም የሉተርን ትምህርት ከተቀበሉት ቀደምት ከተሞች አንዷ ናት። በ1530 ንጉሠ ነገሥቱ በአውግስቡርግ ጉባኤ ሲጠራ፣ ሉተር የተወገዘና ከሕግ ከለላ የወጣ ሰው ስለነበር ወደዚያ መሄድ አልቻለም። ጌታው የሳክሶኒ መስፍን እስከ ግዛቱ ደቡባዊ ጫፍ አምጥቶ ኮቡርግ ምሽግ ውስጥ አስቀመጠው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ እዚያ ቆየ። የነቢያትን መጻሕፍት እየተረጎመ፣ ደብዳቤ እየጻፈ ነበር። ለፋሲካ ሰሞን በሞሪስ ቤተ ክርስቲያን ሰበከ። የአርማን ነገር ለሚከታተል ሰው ግን ከዚያ ቆይታ ትልቁ ነገር በሐምሌ 8 ቀን 1530 ለኑረምበርጉ ጸሐፊ ላዛሩስ ሽፔንግለር የላከው ደብዳቤ ነው። ሉተር በደብዳቤው የራሱን ማኅተም ያብራራል። ጥቁር መስቀል፣ በቀይ ልብ ውስጥ፤ ልቡ በነጭ ጽጌረዳ ላይ፤ ጽጌረዳው በሰማያዊ መደብ ላይ፤ ዙሪያው ደግሞ የወርቅ ቀለበት። መስቀሉ ለምን ጥቁር እንደሆነ፣ ጽጌረዳው ለምን ቀይ ሳይሆን ነጭ እንደሆነ፣ ቀለበቱ ለምን መጨረሻ እንደሌለው አንድ በአንድ ይነግረዋል።

ከምሽጉ ሥር ያለችው ከተማ ስለ ራሷ ጋሻ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጽፋ አታውቅም። ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል ራሱ የተረፈው። ቅዱሳን ከመሠዊያ ሲወርዱ፣ የሞሪስ በዓል ሲቀር፣ ጋሻው ላይ ያለው ጥቁር ፊት አምልኮ የሚባል ነገር አልታየበትም፤ የከተማው ምልክት ነው፣ በቃ። የቤተ ክርስቲያኑም ስም አልተለወጠም። የፕሮቴስታንት ከተማ የካቶሊክ ሰማዕት ይዛ ቀጠለች።

እዚህ ላይ የእኛን ሰዎች የሚነካ አንድ ነገር በመካከል ይገባል። ከኮቡርጉ ቆይታ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1534፣ ሚካኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተወያየ፤ ሲሄድም ሉተር የአደራ ደብዳቤ ጻፈለት። ከዚያም በ1652 የጎታው መስፍን ኤርነስት፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር በሚል ቅጽል የሚታወቀው፣ የመካነ ሥላሴውን አባ ጎርጎርዮስን ቤተ መንግሥቱ ድረስ ጋበዘ። የቋንቋ ሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተቀምጦ የተማረው ነው በኋላ በ1681 ለታተመው የኢትዮጵያ ታሪኩ፣ በ1698 ደግሞ ለአማርኛ ሰዋስዉና ለአማርኛ መዝገበ ቃላቱ መሠረት የሆነው። ይኸው መስፍን በ1672 ኮቡርግን ወረሰ። እናም ያቺ ከተማ፣ ስሙ የተዘነጋ አፍሪካዊ ወታደር በጋሻዋ ይዛ፣ ከኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጋር በማዕድ በተቀመጠ ሰው እጅ ገባች። ሁለቱን ነገሮች ያገናኘ ሰው በዚያን ጊዜ ስለመኖሩ ምልክት የለም።

ሞሪስ በከተማው ሕዝብ ዘንድ ግን ሌላ ሕይወት አገኘ። በገበያው አደባባይ ላይ የከተማው ምክር ቤት ሕንፃ አለ፤ ከጣሪያው ጫፍ ላይ በትር የያዘ የሞሪስ ሐውልት ቆሟል። በትሩ የጦር አዛዥነቱ ምልክት ነው። የኮቡርግ ሰዎች ግን በትሩን የቋሊማ ልክ አድርገውታል። የከተማው ቋሊማ በጥድ ፍሬ እሳት የሚጠበስ፣ በየአደባባዩ የሚሸጥ፣ ከዳቦው በሁለቱም ጫፍ የሚተርፍ ረጅም ነገር ነው። ትክክለኛ ርዝመቱም በሐውልቱ እጅ ያለው በትር ያህል፣ 31 ሴንቲሜትር ነው ይላሉ። ሐውልቱንም «የቋሊማው ሰውዬ» ብለው ይጠሩታል። ለ6,600 ሰማዕታት አለቃ ይህ ሹመት ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከነገሥታቱ አጠቃቀም ይልቅ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ማንም አልተጎዳበትም።

በ19ኛው መቶ ዘመን የኮቡርግ ስም ከከተማዋ መጠን ጋር በማይመጣጠን ሁኔታ ገነነ። ትንሿ መስፍናዊ ቤተሰብ ልጆቿን እየዳረች አውሮፓን አዳረሰች። በ1831 ሊዮፖልድ የቤልጂግ ንጉሥ ሆነ። በ1840 አልበርት ንግሥት ቪክቶሪያን አገባ። የሳክሶኒ ጋሻ፣ ያ ጥቁርና ወርቅማ መስመሮቹ በአረንጓዴ የቅጠል ጉንጉን የተቆረጡት፣ በቪክቶሪያ ልጆች አርማ ላይ ገብቶ እስከ 1917 ቆየ። ያ የገዥዎቹ ጋሻ ነው። የከተማዋ ጥቁር ራስ ግን ከኮቡርግ አልወጣም።

የወጣው መስፍኑ ራሱ ነው። የአልበርት ወንድም ኤርነስት ዳግማዊ በ1862፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላና በደብረ ታቦር መካከል በሚዘምቱበት ዘመን፣ በግብፅ በኩል ወደ ምፅዋ ተሻገረ፤ ከዚያም ወደ ሐባብ፣ መንሳዕና ቦጎስ ምድር ለአደን ወጣ። ከእሱ ጋር የእንስሳት ሊቁ አልፍሬድ ብሬም፣ የጉዞ ጸሐፊው ፍሬድሪኽ ገርሽቴከርና ሠዓሊው ሮበርት ክሬችመር ነበሩ። ብሬም በ1863 ስለ ሐበሻ ጉዞው የራሱን መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1864 የመስፍኑ መጽሐፍ በክሬችመር ሥዕሎች ተሞልቶ ወጣ። ጥቁር ራስ በጋሻዋ የያዘች ከተማ ገዥ ጥቁሮች አገር ሄዶ ዝሆን አድኖ ተመለሰ። ያ ዘመን ስለ ዘር የደረጃ ሠንጠረዥ የሚሠራበት ዘመን ነበር። አፍሪካዊ ፊት በቡና ቆርቆሮ፣ በቸኮሌት መጠቅለያና በትምባሆ ሱቅ ደጃፍ ላይ የንግድ ጌጥ ሆነ። ወፍራም ከንፈር፣ የጆሮ ሎቲ፣ የሚያገላብጥ ዐይን። ከጋሻው ያለው ራስና ከሱቁ ያለው ራስ በአላፊ አግዳሚው ዐይን እየተመሳሰሉ ሄዱ፤ አንዱ ሰማዕት፣ ሌላው ማስታወቂያ መሆኑን የሚለይ ምልክት ጋሻው ላይ አልነበረም።

በ1918 የመጨረሻው መስፍን ካርል ኤድዋርድ ከሥልጣን ወረደ። በኅዳር 30 ቀን 1919 የኮቡርግ ሕዝብ ከቱሪንጊያ ጋር መቀላቀልን 88 በመቶ በሚሆን ድምፅ ውድቅ አደረገ፤ ከሐምሌ 1 ቀን 1920 ጀምሮም የባቫሪያ አካል ሆነች። ያ ምርጫ በኋላ ከምሥራቅ ጀርመን አተረፋት። ከናዚዎች ግን አላተረፋትም፤ እንዲያውም ቀድማ የተቀበለቻቸው እሷ ናት። በጥቅምት 1922 ሂትለር በመቶ የሚቆጠሩ ታጣቂዎቹን በልዩ ባቡር ጭኖ መጥቶ በጎዳናዋ ላይ ከግራ ክንፍ ሠራተኞች ጋር ተደባደበ። በ1929 በተደረገው ምርጫ ፓርቲው ከ25ቱ የምክር ቤት ወንበሮች 13ቱን ያዘ፤ በጀርመን አገር አንድን ከተማ በአብላጫ ድምፅ ሲቆጣጠር የመጀመሪያው ነበር። በ1931 መጀመሪያ ላይ በዚያ የሞሪስ ሐውልት ባለበት ምክር ቤት ላይ የስዋስቲካ ባንዲራ ተሰቀለ፤ ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ ሁለት ዓመት ቀድሞ።

አዲሶቹ ጌቶች ከተማዋን በመላ አገሪቱ አርአያ ሊያደርጓት ሲፈልጉ አንድ ነገር አሳፈራቸው። ጋሻዋ ላይ ጥቁር ሰው አለ። በ1934 ራሱ ከአርማው ተነሣ፤ ምክንያቱም የአፍሪካን ዘር ያከብራል የሚል ነበር። በምትኩ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰይፍ ተቀመጠ፤ በእጀታው ጉልላት ላይ ስዋስቲካ ተቀርጾበት። የቀድሞዎቹ ጥቁርና ወርቅማ ቀለሞች ቀሩ፤ ቅርፁ ብቻ ነው የተለወጠው።

ይህን ለውጥ የሠራው ሰው ሰማዕታዊ ታሪኩን ያውቅ እንደሆነ እንጃ። ሞሪስ በንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ንጹሐንን አልገድልም ብሎ በሰይፍ የተቀላ ሰው ነው። ራሱን ከጋሻው አንሥተው በቦታው የተከሉት ያንኑ ሰይፍ ነው። በአርማ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ ስላቅ ማንም አስቦበት ሊሠራው አይችልም። ሌላም ነገር ይገርመኛል። ከ1530 ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ያ ፊት የቅዱስ ነው ወይስ የቋሊማ ሻጭ ብሎ በቁም ነገር የጠየቀ አልነበረም፤ ለአራት መቶ ዓመት ዝም ያለውን ራስ እንደገና ያናገሩት ናዚዎች ናቸው። አደገኛ ነው ብለው ሲያወርዱት፣ ትርጉም እንዳለው መሰከሩለት።

በ1945 የጸደይ ወራት የአሜሪካ ጦር ገባ። በዚያው ዓመት ሰይፉ ከጋሻው ወረደ፣ ራሱም ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ዐሥርት ዓመታት ለአርማው ጸጥ ያሉ ነበሩ። ኮቡርግ በሦስት ጎኗ በምሥራቅ ጀርመን ድንበር ተከባ የምዕራቡ ጥግ ሆና ተቀመጠች። ድንበሩ ከተከፈተ በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ፣ በየክረምቱ የሳምባ በዓል ታዘጋጃለች፤ ከብራዚል ውጭ ከሚደረጉት ትልቁ ይባላል። ራሱም በባንዲራዎች፣ በሕንፃዎችና በመንገድ ላይ ባሉ የብረት የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳኖች ላይ ሳይቀር ታትሞ ቀጠለ።

በ2020 በሚኒያፖሊስ የጆርጅ ፍሎይድ መገደል በብዙ አገሮች ሰልፍ ሲያስነሣ፣ በጀርመን የሐውልቶችና የጎዳና ስሞች ጉዳይ ተነሣ። በበርሊን ጥቁሮችን በአሮጌ መጠሪያ የሚጠራው ጎዳና ስም እንዲቀየር ተወሰነ፤ አዲሱ ስም በ18ኛው መቶ ዘመን በሃሌ፣ በቪተንበርግና በየና ያስተማረው የጋና ተወላጅ ፈላስፋ አንቶን ቪልሄልም አሞ እንዲሆን። ኮቡርግም ላይ አቤቱታ መጣ፤ አርማው ይቀየር። ብዙ ሳይቆይ ተቃራኒው አቤቱታም መጣ፤ አርማው ይቆይ። አንዱ ወገን ከንፈሩን፣ ጠጉሩን፣ በጆሮው ያለውን ሎቲ እያሳየ ይህ የቅኝ ግዛት ዘመን ሥዕል ነው አለ። ሌላው ወገን ደግሞ 1934ን ጠቀሰ፤ ይህን ራስ ለማውረድ የቸኮሉት ናዚዎች ብቻ ናቸው፣ እሱ ቅዱሳችን ነው አለ። ከተማዋ አርማውን አላነሣችም።

ሁለቱም ወገኖች ያሉት እውነት ነው፤ ክርክሩም መቋጫ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጋሻው ላይ ያለው ሰው ሞሪስ ነው። ሥዕሉ ግን ሞሪስን አይመስልም፤ የሚመስለው የትምባሆ ሱቁን ራስ ነው። እዚህ ላይ የአርማ ሙያ ራሱ መውጫ ያዘጋጀ ይመስለኛል። በዚህ ሙያ ሕግ የሆነው ሥዕሉ አይደለም፤ ሥዕሉን የሚገልጸው ጽሑፍ ነው። «በወርቅማ ጋሻ ላይ የቅዱስ ሞሪስ ራስ» የሚል መግለጫ ካለ፣ አንበሳ ሲሣል ጥፍሩን ማርዘም ወይም ማሳጠር ለሠዓሊው እንደተተወ ሁሉ፣ ከንፈሩንም፣ ጠጉሩንም፣ በራሱ ላይ የሚደፋውንም ነገር እንደገና መሣል ይቻላል። ብዙ የአውሮፓ ከተሞች አርማቸውን እንዲህ አድርገው በየዘመኑ አድሰዋል፤ ማንም ታሪክ ጠፋ አላላቸውም። ሎቲው ይውለቅ፣ የብረቱ ጥሩር ይመለስ። ሞዴል የሚፈልግ ሠዓሊ ካለ ከኮቡርግ ማግደቡርግ በባቡር ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ ሐውልቱም ለጎብኚ ክፍት ነው።